ጣና ላይ በመንጠቆ

ጣና ማለዳ ላይ ጸጥ ይላል፤ ነፋሱ የሚበረታው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከባሕር ዳር ተነስተን በደንገል ታንኳ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አቀናን። ሽማግሌው ባለ ታንኳ መቅዘፊያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይሰዱታል። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ የተቀመጠበት ሰው መራሱ አይቀርም። ከውሃ ሲወጣም ዳር ላይ አቁመው በፀሐይ ካላደረቁት ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል።

የሄድኩት ነጭ አሳ ፍለጋ ነው። ፈረንጆች ሐይቅ ዳር ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ካርፕ የነጭ አሳ ዘመድ ነው። ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ 15 ዓይነት ነጭ አሳ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር ሌላ ቦታ የሉም። የካርፕ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው። እንዲያም ሆኖ ከ15ቱ 8ቱ ሌላ አሳ እያደኑ ይበላሉ። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ አንዱን በእጄ ይዤ ማየት እመኝ ነበር።

ሽማግሌው ከጭቃ ቆፍረው ያወጡትን ትል መንጠቆው ላይ ሰኩልኝ።

«ዝም ብለህ ያዘው። ሲበላ ራሱ ይነግርሃል።»

ብዙ ቆየን። በኋላ ክሩ ጣቴ ላይ ነካ ነካ አደረገና በኃይል ወደ ታች ሄደ።

«ቀስ ልጄ! ላላ አርግለት!»

ታንኳው ጎን ብቅ ሲል ቅርፊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም አብለጨለጨ። በአፉ ዳርና ዳር ትናንሽ ጢሞች አሉት፤ አፉን ሲከፍት ከንፈሩ ወደ ፊት ይወጣል። ሽማግሌው ሆዱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«እንቁላል ይዛለች። ምን ትላለህ?»

«እንልቀቃት እንጂ አባቴ።»

መንጠቆውን ራሳቸው በጥንቃቄ ነቅለው ውሃ ውስጥ ጥቂት ደግፈው ያዟት፤ ጉልበቷ ሲመለስ ሄደች።

ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከነጭ አሳ ብዙዎቹ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ አፍ ላይ ተሰብስበው እንቁላላቸውን ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠርና ንጹሕ ወራጅ ውሃ ይፈልጋሉ። ያኔ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን ከነእንቁላላቸው ያፍሳል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ገባ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የነጭ አሳ ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ። የአሳ ሀብት አዋጅ ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ክረምት አለፈ! በእነዚያ ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ካልሆነ አዋጁ ለማን ነው? አጥማጁ ቤተሰብ አለው፣ ይገባኛል፤ በሰኔ ጾምም አሳ ፈላጊው ብዙ ነው። ግን ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቀሪው ዓመትም አለ።

ነፋሱ ሳይበረታ አንድ ሌላ፣ እንቁላል ያልያዘ አገኘንና ዳር ወጥተን ጠበስነው። አጥንቱ ብዙ ነው፣ ሥጋው ግን ጣፋጭ። በዳጣ በላነው።

«ለመያዝ ከሆነ ኅዳር ላይ ና» አሉኝ ሽማግሌው ታንኳቸውን ለማድረቅ እያቆሙ። «ያኔ ከወንዝ ተመልሰው ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ትል አያልፉም።»