ጥላሸትና ዳዊት

ባለፈው ሴሚስተር፣ እዚህ ሚኒሶታ፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በመሠረተችው ኮሌጅ ውስጥ፣ የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ኮርሶችን ጐን ለጐን ወሰድሁ። የኬሚስትሪ መግቢያን የወሰድሁት ለነርሲንግ ስለሚጠየቅ ነው። የክርስትና ትምህርት አሰጣጥ የተባለውን ደግሞ የመረጥሁት ማንኛውም ተማሪ አንድ የሃይማኖት ኮርስ መውሰድ ስላለበትና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይቀለኛል ብዬ ስላሰብሁ ነው። ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት እስከ መድገም ደርሻለሁ፤ እዚህም እሑድ እሑድ በደብራችን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ያስቸገረኝ ግን ይቀለኛል ያልሁት ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታሪክ ነበሩ። ከጥንቱ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ተነሥተን፣ እ.ኤ.አ. በ1780 የጋዜጣ ባለቤቱ ሮበርት ሬይክስ በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ያስጀመረውን የሰንበት ትምህርት ቤት አየን። ሕፃናቱ በሳምንቱ ውስጥ ሠራተኞች ስለ ነበሩ ለንባብ የሚተርፋቸው እሑድ ብቻ ነበር። ብዙ የቆየነው ግን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በስሙ በምትጠራበት በማርቲን ሉተር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1529 ያወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፣ ማለት የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፉ፣ ከየትእዛዙ በኋላ «ይህ ምን ማለት ነው?» የምትል አጭር ጥያቄ ያስከትላል። መምህራችን ከዚች ጥያቄ ተነሥተው፣ ትርጉሙ ሳይገባ በቃል የተያዘ ነገር ትምህርት ሊባል አይችልም የሚል አቋም ያዙ።

እኔ በዚህ ተከፋሁ። በእኛ ሥርዓት ሕፃኑ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ ዮሐንስ መልእክትና ወደ ዳዊት ሲሻገር የሚያነበው በግእዝ ነው፤ ቤቱም የሚጠራው ንባብ ቤት ተብሎ ነው። «አንድም» እያለ ምሥጢሩን የሚፈታለት መምህር የሚገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ነው። ይህ ስንፍና ሳይሆን ድምፁን አስቀድሞ በልብ የማኖር ዘዴ መሆኑን ለማስረዳት ስምንት ገጽ ጻፍሁ። መምህሩ ጥሩ ማርክ ሰጥተው ከሥሩ አንድ ጥያቄ አሰፈሩ፤ ትርጓሜው ዘንድ ሳይደርሱ ያቋረጡት ተማሪዎች ምን ይሆናሉ የሚል። ካቋረጡት አንዷ እኔ መሆኔን አያውቁም።

በኬሚስትሪ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ክርክር ያነሣ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት የናይትሬትን፣ የሰልፌትን፣ የፎስፌትንና የሌሎቹን አዮኖች፣ ማለት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች፣ ስምና ቻርጅ በቃላችሁ ያዙ ተባልን፤ ያዝንም። የሶዲየም ምልክት ናትሪየም ከሚለው፣ የብረት ፌሩም ከሚለው፣ የእርሳስም ፕሉምቡም ከሚለው የላቲን ስም የመጣ መሆኑን ስሰማ፣ ግእዝ ለምን እንማራለን እያሉ የሚሞግቱኝ የሰንበት ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። ሞል የሚባለውንም መለኪያ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያባዛሁና እያካፈልሁ ፈተና አለፍሁበት እንጂ ምንነቱ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንድ ሐሙስ ላብራቶሪ ውስጥ 18 ሚሊ ሊትር ውኃ ለክተን እንድንመለከተው በታዘዝን ጊዜ ነው። የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳ የማትሞላው ይህች ውኃ አንድ ሞል ናት፤ 6.022 × 10²³ ያህል ሞለኪውሎች አሉባት። ቁጥሩን አስቀድሜ በቃሌ ባልይዘው ኖሮ ያን ቀን የማየው ውኃ ብቻ ነበር፤ ስምንቱ ገጽ ላይ ልጽፈው ሲገባኝ ያልጻፍሁት ይህን ነው።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ሥራ አንድ ትምህርት አዘጋጅቶ ሕፃናትን ማስተማር ነበርና መዝሙር 44ን መረጥሁ። «ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ» ብሎ የሚጀምረውና አንደበትን ከጸሓፊ ብርዕ ጋር የሚያመሳስለው ነው። መጀመሪያ የኔታ እንዳደረጉኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው። ከዚያ ሻማ አብርቼ፣ የሸክላ ሳሕን ከነበልባሉ በላይ ይዤ የተጠራቀመውን ጥላሸት ጠረግሁና በሙጫና በውኃ በጠበጥሁት፤ የአገራችን ጸሐፍት ለብራና የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም መሠረቱ እንዲህ ያለ ጥላሸት ነው። ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ነው። ካርቦን ደግሞ በተለመደው ሙቀት ከአየር ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ፣ ብርሃንም በቀላሉ ስለማይለውጠው ጽሕፈቱ በዘመን ብዛት አይደበዝዝም፤ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ከብረት ጨው የሚዘጋጀው ቀለም ግን በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት የተጻፈበትን ወረቀት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይህን ስነግራቸው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ «እንግዲያው ዳዊትን የጻፉት በሻማ ነው?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አልጠበቅሁም ነበር። ሁሉም በሸንበቆ ብርዕ አንዳንድ «ጐ» ጻፉ፤ ፊደሉ ለጀማሪ እንደማይመች ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቅዳሴ ሲያልቅ የአንዷ ልጅ እናት በነጠላቸው ጥለት ላይ የታተሙ አምስት ጥቁር ጣቶችን አሳዩኝ። ካርቦን በውኃም በሳሙናም እንደማይሟሟ፣ ብናኙም በክሩ መካከል እንደሚሰገሰግ በትሕትና አስረዳኋቸው። «ታዲያ ልጄ፣ ኬሚስትሪ የምትማሪው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ነጠላውን ቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤ ሁለቱ ጣቶች ዛሬም ይታያሉ።