በሃያ አምስት የስንዴ ዘር መፍረድ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በመረጃ ባለሙያነት በሠራሁባቸው ሁለት የዘር ወቅቶች ከጠረጴዛዬ ላይ ያልጠፋ አንድ ጥያቄ ነበር፤ መጋዘን ከገባው ስንዴ የትኛው ለዘር ይሰራጭ፣ የትኛውስ ወደ ወፍጮ ይሂድ? ዩኒየኑ ከመሠረታዊ ማኅበራት የሚረከበው ስንዴ በሎት በሎት ተለይቶ ይቀመጣል። ሎት የሚባለው ከአንድ ማሳ ወይም ከተጎራባች ማሳዎች ተሰብስቦ በአንድነት የተያዘ ዘር ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱ ሎት የመብቀል አቅም መታወቅ ነበረበት፤ ዩኒየኑ ለራሱ ያስቀመጠው ገደብም ከመቶ ዘር 85ቱ መብቀል አለበት የሚል ነበር።

ፍተሻው ለማንም ገበሬ እንግዳ አይደለም። 25 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ይጠቀለላል፤ ከስምንት ቀን በኋላ ተፈትቶ የበቀለው ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ የዘር ፍተሻ ደንብ የሚጠይቀው 400 ዘር መቶ መቶ ሆኖ በአራት ተከፍሎ እንዲፈተሽ ሲሆን፣ ስንዴ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ተይዞ በ4ኛው ቀን የመጀመሪያው፣ በ8ኛው ቀን የመጨረሻው ቆጠራ ይደረግበታል። እኛ የነበረን አንድ ጠባብ ክፍልና ሁለት መደርደሪያ ብቻ ስለነበር፣ 25 ዘር መቁጠር ከእኔ በፊት ጀምሮ ልማድ ሆኖ ቆይቶ ነበር። 22 ዘር ከበቀለ 88 ከመቶ ነውና ሎቱ ያልፋል፤ 21 ከሆነ 84 ነውና ይወድቃል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ዘር ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ማስላት ነበር። እውነተኛ የመብቀል አቅሙ 90 ከመቶ የሆነ ጥሩ ሎት ከ25 ዘሮቹ 21 ወይም ከዚያ ያነሰ የማብቀል ዕድሉ 24 ከመቶ ገደማ ነው። በአንጻሩ አቅሙ 80 ብቻ የሆነ ደካማ ሎት 22 ወይም ከዚያ በላይ አብቅሎ የማለፍ ዕድሉ 23 ከመቶ ይሆናል። ከአራት ጥሩ ሎቶች አንዱን ወደ ወፍጮ እየሰደድን፣ ከአራት ደካሞች አንዱን ለገበሬው እናድል ነበር ማለት ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ባስረዳሁ ጊዜ የተለመደውን የ95 ከመቶ የመተማመኛ ክልል አብሬ አቀረብሁ፤ 22 ከ25 የበቀለበት ሎት እውነተኛ አቅሙ ከ70 እስከ 96 ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። እርሱም ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «ታዲያ ይዘራ ወይስ አይዘራ?» አለኝ። ክልሉ ትክክል ቢሆንም ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አልነበረም።

ወደ ቤዚያን ዘዴ ያመራሁት ከዚህ የተነሣ ነው። ዘዴው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤዝ ሲሆን፣ ጽሑፉን ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ ያሳተመው ደራሲው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1763 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ሐሳቡ ለእኛ ጉዳይ ሲመነዘር እጅግ ቀላል ነው። ጨርቁ ከመጠቅለሉ በፊት ስለ ሎቱ የምናውቀውን ነገር እንደ «የታሰቡ ዘሮች» እንቆጥረዋለን፤ የተፈተሹትን ዘሮች በላዩ እንደምራለን፤ ድምሩ የታደሰውን ግምት ይሰጠናል። ምንም ቀዳሚ ዕውቀት የለንም ብንል እንኳ፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እንዳሳየው፣ አንድ የበቀለና አንድ ያልበቀለ ዘር ጨምሮ መቁጠር ይቻላል፤ 25ቱም በበቀሉ ጊዜ «መቶ ከመቶ» ብሎ ከመጻፍ 26 ለ27 ሲካፈል የሚገኘውን 96 ከመቶ መጻፍ ይሻላል። መዝገብ ላይ መቶ ከመቶ የተጻፈበት ሎት ባየሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኝ ነበር።

እኔ ግን ቀዳሚ ዕውቀት አለኝ ባይ ነበርሁ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት መዝገብ ሰብስቤ አማካዩን ሳወጣ 90 ከመቶ ሆኖ አገኘሁት፤ በመዝገቡ ብዛት ተማምኜም ቅድመ ግምቴን በ100 የታሰቡ ዘሮች መዘንሁት፣ 90 የበቀሉ፣ 10 ያልበቀሉ። ስሌቱን ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፌ የዓመቱን ውጤቶች አስገባሁና ዝርዝሩን አትሜ ለመጋዘኑ ኃላፊ ሰጠሁ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ዕድሜያቸውን በእህል መካከል ያሳለፉ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወርደው አንዱ መስመር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ይህኛው እንዴት አለፈ? ከሃያ አምስቱ የበቀለው አሥራ ሰባት ነው፤ ጆንያውን ስፈታው ሻግቷል፤ ዛላው ላይ ሳለ ዝናብ መትቶታል።» ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት። 90 እና 17 ሲደመር 107፣ ለ125 ሲካፈል 85.6 ከመቶ። በሒሳቡ ውስጥ የመደመር ስሕተት አልነበረም። የነበረው፣ ያላየኋቸው 100 ዘሮች ያየኋቸውን 25 ማፈናቸው ነው። ያንን ሎት ለይተን በ400 ዘር ስናስፈትሸው 69 ከመቶ በቀለ።

በዚህ ስሕተት ላይ ብዙ ቀን ቆየሁበት፤ ምክንያቱም «ቅድመ ግምት ባላስገባ ኖሮ» ብሎ ማለፍ ቀላል ቢሆንም የችግሩ ሥር ሌላ ነበርና። ወደ መዝገቡ ተመልሼ ስመረምር ሦስቱም ዓመታት አዝመራው ሲሰበሰብ ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ የነበሩባቸው ናቸው። ባለፈው መኸር ግን ስንዴው ገና በማሳ ሳለ፣ በአንዳንድ ቀበሌም ታጭዶ በነዶ ሳለ፣ ያለጊዜው ዘንቦ ነበር። የበሰለ ስንዴ ዝናብ ሲደጋግምበት ፍሬው እዛላው ላይ እንዳለ መብቀል ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ፍሬ ደርቆ ሲወቃ በዓይን ደህና ቢመስልም ለዘር አይሆንም። እኔ ሦስቱን ዓመታት እንደ ሦስት ምስክር ብቈጥራቸውም ሦስቱም የመሰከሩት ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ደረቅ መኸር ብቻ ነበር። 90 የሚለው አማካይ ሐሰት አልነበረም፤ ስለ ሌላ ስንዴ የተነገረ እውነት ነበር።

ስለዚህ ጋሼን እንደ አዲስ ጠየቅኋቸው። ከዚህ ቀደም «በአማካይ ስንት ይበቅላል?» ብያቸው ነበር፤ እርሳቸውም እንደ ጨዋ ሰው አንድ ቁጥር ሰጥተውኝ ነበር። አሁን ግን «ዝናብ ያላየው ስንዴ ከመቶ ስንት ይበቅላል? ዝናብ የመታውስ? ዘንድሮ ከመጡት አሥር ሎቶች ስንቱ ዝናብ አይቷል ይላሉ?» ስል ጠየቅሁ። ላልተመታው 90፣ ለተመታው 70፣ ከአሥሩም ሦስቱ አሉኝ። የታሰቡትን ዘሮችም ቀነስሁ፤ ለደህናው 30፣ ለተመታው 20 ብቻ። ቅድመ ግምቱ በሥዕል ሲታይ አሁን አንድ ጉብታ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ጉብታ ሆነ፣ አንዱ በ90፣ ሌላው በ70 ዙሪያ፤ ፍተሻው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲነግረን ተደረገ፣ ሎቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነና አቅሙ ስንት እንደሆነ። ያ 17 የበቀለበት ሎት በአዲሱ ስሌት ሲታይ ዝናብ የመታው የመሆን ዕድሉ ከ30 ከመቶ ተነሥቶ ወደ 81 ከመቶ ወጣ፤ ግምቱም ከ85.6 ወደ 71 ወረደ። 23 ለበቀለበት ሎት ግን ያው ዕድል ከ30 ወደ 7 ከመቶ ገደማ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የፍርድ ጉዳይ ነበር፤ ይህ ክፍል በመማሪያ መጻሕፍት ጥቂት ገጽ ቢሰጠውም በሥራ ላይ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሣ ነው። ጥሩ ሎት ብንጥል ዩኒየኑ በዘርና በእህል ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ያጣል። ደካማ ሎት ብናሳልፍ ደግሞ ገበሬው የእርሻውን ድካም፣ የማዳበሪያውን ዕዳና ወቅቱን ያጣል። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም ብንል ምን ያህል ይበላለጣሉ? የቦርዱ አባላት፣ አብዛኞቹ ራሳቸው አራሾች፣ ለረጅም ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን አራት እጥፍ እንደሚጎዳ ተስማሙ። አራት ለአንድ ከሆነ ሒሳቡ አጭር ነው፤ ሎቱ ከ85 በታች የመሆን ዕድሉ ከአምስት አንድ፣ ማለትም ከ20 ከመቶ ከበለጠ አይለፍ። በዚህ መለኪያ 23 የበቀለበት ሎት ዕድሉ 12 ከመቶ ገደማ በመሆኑ ያልፋል፤ 22 የበቀለበት ግን ወደ 25 ከመቶ ስለሚጠጋ እንደገና ይፈተሻል። በድሮው ልማድ 22 ያለጥያቄ የሚያልፍ ቁጥር እንደነበር ልብ ይሏል። ለሥራ አስኪያጁም አሁን ክልል ሳይሆን «ይለፍ»፣ «ይደገም»፣ «ወደ ወፍጮ» የሚል ቃል እሰጠው ጀመር።

በድጋሚው ፍተሻ የተማርሁት ደግሞ ከሁሉም ቀመር የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለአንድ ሎት 100 ዘር ስንፈትሽ ከአራት የተለያዩ ጆንያዎች 25፣ 25 ወስደን በአራት ጨርቅ ጠቀለልን። ውጤቱ 24፣ 23፣ 25 እና 14 ሆነ። ድምሩ 86 ነውና በቁጥር ብቻ ቢታይ ሎቱ ያልፍ ነበር። ሆኖም የዘሮቹ ዕጣ አንዱ ከሌላው የማይያያዝ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ጨርቅ ከአማካዩ ከ21.5 የሚርቀው በተለምዶ በሁለት ዘር ገደማ ነበር፤ 14 ግን በሰባት ተኩል ይርቃል። አራተኛው ጆንያ ከግድግዳው ሥር፣ ወለሉ ርጥበት ከሚስብበት ጥግ የተነሣ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ጆንያ ውስጥ ያሉ ዘሮች ዕጣቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ጆንያ አፍ የተዘገኑ 25 ዘሮች በስሌት 25 ቢሆኑም በሚሰጡት መረጃ ከዚያ እጅግ ያንሳሉ። እኔ ስለ ቅድመ ግምት ቅርጽ ሌሊቱን ስጨነቅ ሠራተኛው ናሙናውን በር አጠገብ ካለው፣ ከሚመቸው ጆንያ እየዘገነ ያመጣልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫፉ ሹል የሆነ ባዶ የብረት ቱቦ ተሠርቶ፣ ናሙናው ከላይም ከታችም፣ ከመሐልም ከጥግም እንዲወሰድ ሆነ። በስሌቱም ውስጥ በጆንያዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚይዝ ተጨማሪ ቁጥር አስገባሁ፤ የግምቱ ክልል ሰፋ፣ ግን እውነቱን የሚናገር ሆነ።

ሁሉንም ማኅበራት በአንድ ሞዴል አስሬ አንዱ ከሌላው እንዲማር ለማድረግም ስታን በሚባለው የቤዚያን ስሌት ሶፍትዌር ሞክሬ ነበር። ማኅበራቱ ስድስት ብቻ ነበሩ። በስድስት ማኅበራት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ከመረጃው ማወቅ አዳጋች ስለሆነ፣ መልሱን የሚወስነው እኔው ያስገባሁት ቅድመ ግምት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ ተውሁት።

ለካስ ይህ ሁሉ ጭንቀት የቆየ ነው። በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ስለ ጥቂት ናሙና የጻፈው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ የእርሱም ቁጥሮች የሚመጡት ከገብስና ከብቅል ነበር። ብቅለት ስንቈጥር የከረምን ሰዎች ለዚህ ሰው ዝምድና ቢሰማን አያስደንቅም።

በሁለተኛው ወቅት መጀመሪያ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተለጠፈ። ከእያንዳንዱ ሎት አንጻር ጨርቁ ከመጠቅለሉ በፊት የሚሞላ ዓምድ አለው፤ ጋሼ ጆንያውን ከፍተው፣ በእፍኛቸው ዘግነው፣ አሽተው ካሸተቱ በኋላ «ዝናብ አይቷል» ወይም «አላየም» ብለው ይጽፉበታል። ከፍተሻው በፊት መሞላቱን አጥብቄ የያዝሁበት ምክንያት ነበረኝ፤ ውጤቱን አይተው ቢጽፉት አንዱን ማስረጃ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆንብናል። «አይቷል» ያሉትን ሎት ስሌቱ ከ30 ሳይሆን ከ80 ከመቶ ዕድል ይጀምርለታል፤ እንዲህ ያለ ሎት በመጀመሪያው ፍተሻ ለማለፍ 24 ዘር ማብቀል ይኖርበታል፣ ሌላው 23 ይበቃዋል።

ጋሼ ሰንጠረዡን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ሁሉ ዘመን እህል ሳሸት ኖሬ፣ የእኔ ቃል አንድ ዘር ነው የሚመዝነው?» ብለው ሳቁ። ከ25 ዘር አንዱ ቀላል እንዳልሆነ ላስረዳቸው ስጀምር እርሳቸው ቱቦውን ይዘው ወደ ጥጉ ጆንያ ሄደው ነበር።