የመሐል ሜዳው ሰዓት

በደብረ ብርሃን ሰርቨሮችን በምከታተልበት ዘመን የግብርና ግብዓት ክምችታችን በሦስት ቦታ ይመዘገብ ነበር፤ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋሮቢትና በመሐል ሜዳ። ሰርቨሮቹ መስመር ሲኖር መረጃ ይለዋወጣሉ፤ በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ሲገጥማቸው የኋለኛውን ሰዓት የያዘው ያሸንፋል። ሕጉ ቀላል ስለነበረ እንኮራበት ነበር።

የመሐል ሜዳዋ የመጋዘን ኃላፊ ይደውሉልኝ ጀመር። ደብረ ብርሃን ላይ ሲጫን 60 ኩንታል ዩሪያ ተብሎ የተመዘገበውን፣ ሲራገፍ ቆጥረው 52 ብለው ያርሙታል፤ ጥቂት ቆይተው ሲከፍቱት ተመልሶ 60 ሆኖ ይጠብቃቸዋል። «ልጄ፣ እኔ ያቀናሁትን ማን ነው የሚያጣምምብኝ?» ይሉኛል። እኔም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፄን አለስልሼ፣ «እትዬ፣ ምናልባት ‹አስቀምጥ› የሚለውን ሳይጫኑ ወጥተው ይሆናል» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬው ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር፤ አራት ጊዜ ብዬዋለሁ። አንዳንድ ቀን የጻፉት ሳይነካ ያድር ስለነበረ ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ መጣል ቀለለኝ። የቅርብ አለቃዬም በወሩ ሪፖርት ላይ «የተጠቃሚ ስሕተት» ብለው አሰፈሩት።

በአምስተኛው ጥሪ ወደ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ሰርቨሩ 4:10 ይላል፤ የእጅ ሰዓቴም 4:10 ይላል። ልክ ነው ብዬ ልዞር ስል ነው የደነገጥኩት። የእጅ ሰዓቴ እንደ አገራችን ልማድ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሲሆን ማሽኑ ግን በዚያች ቅጽበት 10:10 ማለት ነበረበት። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የጻፈው 9:00 ተብሎ ሲመዘገብ፣ መሐል ሜዳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያረመው 4:00 ተብሎ ይደርስና በዚያ በምንኮራበት ሕግ መሠረት አሮጌ ተብሎ ይጣላል። የእርሳቸው እርማት የሚጸናው ደብረ ብርሃን መዝገቡን ከነካው ከስድስት ሰዓት በላይ ካለፈ ብቻ ነበር።

ያንን ሰዓት ማን እንዳስተካከለው ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም። በክረምቱ መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ ኃይል ሲቋረጥ የማሽኑን ሰዓት የምታስኬደው የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ አልቃ ኖሮ፣ ቀይሬ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ ያስተካከልኩት እኔው ነበርኩ፤ ትክክለኛውን ሰዓት ከኔትወርክ የሚያመጣለትን ኤንቲፒ ግን የዚያን ዕለት መስመር ስላልነበረ «በኋላ» ብዬ ትቼዋለሁ።

ይህን ስነግራቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። በክር የታሰረች እርሳስ የተንጠለጠለችበትን ደብተራቸውን ገለጡልኝ። በየመስመሩ ሁለት ሁለት ቁጥር አለ፦ «መ 212፣ ደ 87»። አንደኛው የራሳቸው ሰነድ ተራ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ያንን በጻፉበት ጊዜ ከደብረ ብርሃን በመጨረሻ ያዩት ሰነድ ቁጥር። ሰዓት የሚባል ነገር የለበትም።

«87ን አይቼ ከጻፍኩ የእኔ ኋለኛ ነው» አሉኝ።

«እነርሱ የእርስዎን 212 ሳያዩ፣ እርስዎም የእነርሱን 88 ሳያዩ ብትጽፉስ?»

«እንዲያማ ከሆነ ማንም ማንን አልቀደመም፤ ወርደን እንቆጥራለን እንጂ።»

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 በተራራቁ ማሽኖች መካከል ቅደም ተከተልን የቀኑን ሰዓት ሳይመለከቱ፣ ከመልእክት ጋር በሚጓዝ ቆጣሪ ማስያዝ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ሳይተያዩ የተጻፉትን ለይቶ የሚያወጣው የቬክተር ሰዓት ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ። ሁለቱንም ለፈተና አጥንቼ ጥሩ ውጤት አምጥቼባቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መዝገብ የሦስቱን ሰርቨሮች ቁጥር ይዞ እንዲጓዝ አደረግን፤ ሳይተያዩ የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ሲገናኙ ሁለቱም በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ቆጥሮ የሚመርጠውም ሰው ነው። አለቃዬ ይህንን «በተሰጠው የሥራ መመሪያ መሠረት የተከናወነ ማሻሻያ» ብለው ጻፉት፤ የቀድሞውን ሪፖርት ለማረም ግን አልደፈሩም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

መሐል ሜዳ በደወልኩ ቁጥር ግን እትዬ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ «‹አስቀምጥ›ን ተጭኛለሁ፣ ልጄ» ይሉኛል።