ከ48 ተነስቼ 124 ላይ

ዓምና ከአረፋ ማግስት ቁርኣን ልሐፍዝ፣ በቃሌ ልይዝ ተነሳሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ነው። የመዲናው ሙስሐፍ (የቁርኣን ቅጂ) 604 ገጽ ነው። በቀን አንድ ገጽ፣ በ604 ቀን ኸትም፣ ሙሉው አለቀ ማለት ነው! ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ አይታው ፈገግ ብላ አለፈች፤ ታውቀኛለች።

ሦስት ሳምንት ሳላዛንፍ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጁዝ፣ ከሠላሳው ክፍል አንዱ፣ አለቀ። ከዚያ የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ መጣና ቁርኣኑ ቀረ።

ሐምሌ ላይ ኡስታዝ ዘንድ ስሄድ "በቀራን ከመጀመሪያው አሰማኝ" አሉኝ፤ በቀራ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። 48ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ ተያዝኩ። የሐፈዘ ያውቃታል። እዚያ "ሸፋዐ" (ምልጃ) ይቀድማል፣ "ዐድል" (ቤዛ) ይከተላል። 123ኛው ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሁለቱም ቀጣይ አያ ደግሞ "ወኢዝ" ብሎ ይነሳል። እኔ ከ48 ተነስቼ የኢብራሂም ነገር የሚነሳበት 124 ላይ ዱብ አልኩ። አሥራ ምናምን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ዘልዬ፣ ያውም በሚያምር ዜማ። አጠገቤ የነበረ የአሥር ዓመት ልጅ ሳቁን በእጁ አፈነ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ጠፋሁ። ኡስታዝን እንዳላገኛቸው መንገድ ሁሉ ቀይሬያለሁ።

መስከረም ላይ ለሥራ ከደሴ ባቲ ወረድኩ። ሰኞ ነው፣ የገበያው ቀን። አንድ አፋር ግመሉን አስተኝቶ የፊት እግሯን ጉልበቷ ላይ አጥፎ በገመድ ሲያስር ቆሜ አየሁ። አስሮ ቋጠሮውን ሳብ አደረገ። ሻይ ጠጥቶ ተመለሰና እንደገና ሳብ አደረገ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣንን ተከታተሉት፣ ከታሰረ ግመል ይበልጥ ያመልጣል ያሉትን ከልጅነቴ ነው የሰማሁት። የእኔ ሠንጠረዥ ግን ሙራጃዓ (ክለሳ) የሚል ዓምድ አልነበረውም።

ተመለስኩ። ኡስታዝ የት ጠፋህ አላሉኝም።

"በቀን ስንት መስመር ትችላለህ?"

"አምስት።"

"ሦስት ይሁን። የቀረውን ጊዜ ሙራጃዓ።"

ገጹ 15 መስመር ነው፤ ወዲያው አሰላሁት። "ኡስታዝ፣ ከስምንት ዓመት በላይ ሊፈጅ ነው እኮ!"

"ለነቢዩ በ23 ዓመት ነው የወረደው። አንተ የምን ጥድፊያ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው ነው የሚለውን፣ የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ ጨመሩልኝ።

አሁን 26ኛው ገጽ ላይ ነኝ። ሁለት ቀን ያመለጠኝ ሳምንትም አለ፤ በሦስተኛው ቀን ሦስቷን መስመር ይዤ ቁጭ እላለሁ። ፍሪጁ ላይ አሁን ያለው የልጄ ሥዕል ነው።

ትናንት 48 ላይ ስደርስ ኡስታዝ ቀና ብለው አዩኝ። "ሸፋዐ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ያ ልጅ አጠገቤ ሆኖ አፉን በእጁ እንደያዘ ይጠብቃል።