በረዶ ሰባሪዋ መርከብና የእኛ ጣና

ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ለተማሪዎቼ ስለ ፖላርሽተርን አስተማርሁ። ይህች የጀርመን የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሁለቱ የምድር ዋልታዎች ታገለግላለች፤ ርዝመቷ 118 ሜትር ነው። ብዙ ሰው እንደሚገምተው በረዶውን እየወጋች አትሄድም። ዘንበል ያለ ፊቷን በረዶው ላይ ታወጣና በክብደቷ ትጫነዋለች፤ ያን ጊዜ ይሰበራል። አንድ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለውን እንኳ ሳትቆም ታልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ሳይንቲስቶቹ ሆን ብለው በአርክቲክ በረዶ እንድትያዝ አደረጉ። ወራቱን ሙሉ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፉ፣ ፀሐይ በማይወጣበት ክረምት፣ አየሩን፣ በረዶውንና ከሥሩ ያለውን ውኃ ለኩ። እንዲህ ያለ ትጋት ልቤን ይነካዋል።

አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አለች። እንዴት ደስ አለኝ! መልሱ ደጃችን ላይ ነው። ከጣና ወለል የተቆፈረው ደለል ሐይቁ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ተመራማሪዎች ድርቁን ያኔ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ከፈሰሰው የበረዶ ግግር ጋር ያያይዙታል። የሰሜኑ በረዶ ሲናጋ የጎጃም ዝናብም ይናጋል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የደለል ናሙና እንዴት እንደሚወጣ እናያለን። የመርከቧ ጥሩ ፎቶግራፍ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ፤ ልጆቹ ሊያዩት ጓጉተዋል።