አዲሱን ባይኖኩላሬን ልመልሰው ነበር

የመጀመሪያው ጠዋት ደስ አላለኝም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ኩሬው ዳር ደረስኩ፤ አዲሱን ባይኖኩላር፣ ማለትም በሁለት ዓይን የሚታይበትን ሩቅ ማያ መነጽር፣ አንስቼ ሸምበቆው ውስጥ የቆመ ሽመላ ላይ አነጣጠርኩ። ሽመላውን አየሁት፤ ወዲያው ግን ጥቁር ጥላ እንደ ግማሽ ጨረቃ ከግራ ገብቶ ሸፈነው። ራሴን ትንሽ ሳነቃንቅ ጥላው ወደ ቀኝ ዞረ። እንደገና ሳስተካክል ሁለቱም ጎን ጠቆረ። እንዲህ ስታገል ሽመላው በረረ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በቅንድቦቼ መካከል ሕመም ተሰማኝ። ብዙ ወራት ቆጥቤ የገዛሁት ዕቃ ከአሮጌው የባሰ መሰለኝ። ቤት ስገባ ካርቶኑን ፈልጌ አወጣሁ፤ በማግስቱ ልመልሰው ቆርጬ ነበር።

አሁን ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ አልመለስኩትም። ያን ዕለት ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም።

መጀመሪያ ለምን እንደቀየርኩ ልናገር። አሮጌው ባለ 10x50 ነበር፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ወርድ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፤ ወደ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ ትከሻው ሰፊ። እንዲህ ያለው ትከሻ ሰፊ አሠራር ኢግናዚዮ ፖሮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1854 የባለቤትነት መብት ያወጣበትን የፕሪዝም (ብርሃን የሚያጥፍ መስታወት) አቀማመጥ ይከተላል፤ ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ወደ ጎን እየታጠፈ ስለሚሄድ የፊቱ ሌንስና የዓይኑ ሌንስ በአንድ መስመር ላይ አይውሉም። ለስድስት ዓመት ወፍ ያየሁት በእሱ ነው፤ ውለታው አለብኝ። አንድ ቀን ግን ከድንጋይ ላይ ወደቀ። ሌንሱ አልተሰበረም፣ አንድ አዲስ ጭረት እንኳ አልታየበትም፤ ስለዚህ ደህና ነው ብዬ መጠቀሜን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ካየሁበት ራሴን ያመኝ ጀመር። ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፦ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ ነጥብ ማየታቸውን ትተዋል። አእምሯችን ትንሹን መዛነፍ ራሱ እየጎተተ አንድ ያደርገዋል፤ እኛ ሁለት ወፍ አናይም፤ ድካሙን ግን የዓይን ጡንቻዎች ይከፍሉታል።

ችግሩ የቆየ ነው። መነጽር ሠሪው ሃንስ ሊፐርሼይ እ.ኤ.አ. በ1608 ሩቅ ማያውን ለኔዘርላንድ ጉባኤ ባቀረበ ጊዜ ጉባኤው ለሁለት ዓይን የሚሆን እንዲሠራለት ጠየቀው። አንድ ቱቦ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን አስተካክሎ ማጋጠም ሌላ ሙያ ነው።

ለመግዛት ስነሳ መጀመሪያ ያሰብኩት ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ነበር። ያን ሐሳብ ያስተዉኝ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ወፍ በማየት ያሳለፉ፣ እኔ «ጋሼ» የምላቸው። «ልጄ፣ ወፏን ሲያቀርብልህ የእጅህንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያቀርበዋል» አሉኝ። ነገሩ ሒሳብ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር የእጅን እንቅስቃሴም አሥር እጥፍ ያጎላል። በስምንት እጥፍ ወፏ ትንሽ ታንሳለች፤ ነገር ግን ጸጥ ብላ ስለምትቆም ዓይን ዝርዝሩን ይይዘዋል። እኔም ሁለቱን እያፈራረቅሁ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ሳነብ፣ በስምንቱ ያነበብኩት ፊደል በአሥሩ ካነበብኩት አላነሰም።

ስፋቱም አለ። በመጨረሻ የገዛሁት ባለ ስምንት እጥፉ አዲሱ በአንድ ሺህ ሜትር ርቀት 131 ሜትር ያህል ስፋት ያሳየኛል፤ አሮጌው 114 ነበር። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ቅጠል ለቅጠል የምትዘል ትንሽ ወፍ ለሚከተል ሰው ግን ወፏን በማግኘትና በማጣት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ብርሃኑ ይቀንስብኛል የሚል ፍርሃት ነበረኝ፤ የፊት ሌንሱ ከ50 ወደ 42 ሚሊ ሜትር ወርዷላ። ግን ማካፈል ያስፈልጋል። 50ን ለ10 ብናካፍል 5 ሚሊ ሜትር፣ 42ን ለ8 ብናካፍል 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ወርድ ነው፤ መነጽሩን ከፊት አርቀው ወደ ሰማይ ሲይዙት በዓይን ሌንሱ መሃል የሚታየው ነጭ ክብ። እንግዲህ ትንሹ መነጽር ለዓይኔ የሚሰጠው ክብ ከትልቁ አያንስም፤ በዚያ ላይ ሦስት መቶ ግራም ያህል ይቀላል።

ይህን ነጭ ክብ ከመግዛቴ በፊት በደንብ አይቼዋለሁ። ሙሉ ክብ ከሆነ መልካም፤ ጠርዙ እንደ አራት ማዕዘን የተቆረጠና ግራጫ ከሆነ ፕሪዝሙ የተሠራበት መስታወት ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ፈተና ከአሮጌው የተማርኩት ነው፦ ሩቅ ያለ አግድም መስመር፣ ለምሳሌ የጣሪያ ጠርዝ፣ እያዩ መነጽሩን ከዓይን ቀስ አድርጎ ማራቅ። በሁለቱ ክቦች ውስጥ መስመሩ እኩል ከፍታ ላይ መቆየት አለበት። መጀመሪያ ያነሳሁት በዚህ ፈተና ወደቀ፤ ሁለተኛው አለፈ። ያለፈውን ገዛሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ፈትኜ፣ የመጀመሪያው ጠዋት ለምን እንደዚያ ሆነ?

ካርቶኑን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው መነጽሩን ከእጄ አልተቀበሉም። «እስቲ አንተ እይበት» አሉና እኔን ከጎን ተመለከቱኝ። ከዚያ የዓይን ሌንሱን የከበበውን ጎማ በጣታቸው ነኩ። ወደ ታች የገባ ነበር፤ ከካርቶኑ እንደወጣ። «እኔ የዓይን መነጽር ስለማደርግ ጎማውን ወደ ታች አስገባዋለሁ። አንተ ግን ዓይንህ ባዶ ነው፤ ለምን አታወጣውም?» አሉኝ።

አሮጌው የማይነቃነቅ ጎማ ስለነበረው ይህ ሐሳብ ፈጽሞ አልመጣልኝም። ብርሃኑ ከዓይን ሌንሱ ወጥቶ የሚሰበሰብበት የተወሰነ ርቀት አለ፤ በእኔው 17 ሚሊ ሜትር ነው። የዓይን መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይህ ርቀት ረዘም ማለቱ በረከት ነው። ባዶ ዓይኑን ለሚያሳርፍ ግን ጎማው ካልወጣ ዓይኑ ከሚገባው በላይ ይጠጋል፤ ያ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላም ይመጣል። ጎማውን አዙሬ ሳወጣው ጥላው ጠፋ። ወዲያውኑ።

ቀጥለው ማጠፊያውን እንዳስተካክል ነገሩኝ። ሥዕሎች ላይ በባይኖኩላር የሚታየው ዓለም ሁለት የተያያዙ ክቦች ሆኖ ይሣላል፤ ይህ ስህተት ነው። የሁለቱ ዓይን ርቀት በትክክል ሲገጥም የሚታየው አንድ ንጹሕ ክብ ብቻ ነው። የእኔ ፊት ጠባብ ስለሆነ ካሰብኩት በላይ ማጠፍ ነበረብኝ።

ሦስተኛው ዳዮፕተሩ ነው፤ በቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ያለው ቀለበት። የሁለት ዓይናችን ጥራት እኩል አይደለምና ልዩነቱን የሚያካክሰው እሱ ነው። አዲሱን እንደገዛሁ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አስተካክዬው ነበር፤ አንዱን ዓይን ስንጨፍን ግን ሌላውም አብሮ ይጨነቃል። ጋሼ ያሳዩኝ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ የቀኙን የፊት ሌንስ በመዳፍ መሸፈን ነው። በግራ ዓይን ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ መሃለኛውን የፎከስ ማዞሪያ እስኪጠራ ማዞር፤ ከዚያ ግራውን ሸፍኖ፣ መሃለኛውን ሳይነኩ፣ ያንኑ ቅርንጫፍ በቀለበቱ ብቻ ማጥራት። የእኔ ከዜሮ በስተግራ ሁለት ምልክት ላይ አረፈ። ስድስት ዓመት በሙሉ አሮጌውን ዜሮ ላይ ትቼ ነው ያየሁበት፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጠዋት ላይ ግንደ ቆርቁር አገኘሁ። ድምፁን በተደጋጋሚ ሰምቼ፣ ሲበርም አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቼው አላውቅም። በደረቀ ግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ አድርጎ ቅርፊቱን ቆንጥጧል፤ ጠንካራ ጅራቱን እንደ ሦስተኛ እግር ተደግፎበታል። ይህን ማንበብማ አንብቤ ነበር። በሚመታበት ጊዜ የቅርፊት ብናኝ በፀሐይ ውስጥ ሲበን፣ ከአንገቱ ጀርባ ያሉት ቀያይ ላባዎች ሲርገፈገፉ አየሁ። እስኪበር ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ፤ ቅንድቤም አላመመኝም።

ሁሉም ነገር ግን በአንድ ቀን አልተቃናም። የአዲሱ ፎከስ ማዞሪያ አቅጣጫው ከአሮጌው ተቃራኒ ነው። ጣቴ ስድስት ዓመት የለመደውን ያደርጋል፤ ወፏ ቀረብ ስትል እኔ ወደ ሩቅ አዞራለሁ። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት ያጣኋቸው ወፎች ብዙ ናቸው። መፍትሔ የሆነኝ ልምምድ ብቻ ነበር፦ ቁጭ ብዬ ሁለት ሜትር ላይ ያለ አበባ፣ ከዚያ ሃምሳ ሜትር ላይ ያለ ዛፍ፣ እንደገና አበባው፣ እንደገና ዛፉ። በየቀኑ አሥር ደቂቃ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጣቴ ሳያስበው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መሄድ ጀመረ።

ወፏን በመነጽሩ ውስጥ ማግኘትም ለብቻው ሙያ ነው። ጀማሪ ወፏን በዓይኑ ካየ በኋላ ወደ መነጽሩ ዝቅ ብሎ ያያል፤ ቀና ሲል ወፏ የለችም። ዓይን ከወፏ ላይ ፈጽሞ መነቀል የለበትም፤ መነጽሩ ነው ወደ ዓይን መምጣት ያለበት። ማንጠልጠያውን አሳጥሬ ደረቴ ላይ እንዲያርፍ ያደረግሁት ለዚህም ጭምር ነው፤ መንገዱ ያጥራል።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ምሽቱ ነው። ያልተቀባ የመስታወት ገጽ ሁሉ ከሚደርሰው ብርሃን አራት በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። አራት በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ብርሃኑ አሥር ገጽ የሚያልፍ ከሆነ ግን ሲሶ ያህሉ ዓይናችን ሳይደርስ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ ሳይስ በተባለው የጀርመን የሌንስ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ይህን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ባያገኝ ኖሮ፣ ብዙ ሌንስና ፕሪዝም የተደረደረበት መነጽር ማምሻውን እምብዛም አይረባም ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በባዶ ዓይን ሸምበቆው አንድ ጥቁር ግድግዳ በሆነበት ሰዓት፣ በአዲሱ መነጽር የሸምበቆውን ዘንጎች አንድ በአንድ መቁጠር ቻልኩ። ሽመላው ከመካከላቸው ቆሟል። በዚያ ሰዓት የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ ቀን ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር የነበረው ይጨምራል፤ ያ 5.25 ሚሊ ሜትር ክብ ሥራ የሚያገኘውም ያኔ ነው።

ጉድለቶቹን አልደብቅም። በነጭ ሰማይ ላይ የተቀመጠ ቁራ ወደ ክቡ ጠርዝ ሲጠጋ በክንፉ ዳር ቀጭን ሐምራዊ መስመር ይወጣል። መሃል ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ወፉን ወደ መሃል አመጣለሁ፤ ግን አለ። የፊት ሌንሱ ክዳኖች ልል ናቸው፤ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቆ ግማሽ ጠዋት ፈልጌዋለሁ። ውስጡ በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ስለሆነ ጉም አይዝም የተባለው እውነት ነው፤ ዝናብ ላይ ቆይቼ ውስጡ ንጹሕ ነበር። ግን ይህ ለውስጡ ብቻ ነው። በብርድ ጠዋት ትንፋሼ የዓይን ሌንሱን ከውጭ ያደበዝዘዋል፤ ከአፍንጫ ይልቅ በአፍ ወደ ታች መተንፈስ ለመድኩ።

ክብደቱ 690 ግራም ነው። በእጅ ሲያዝ ቀላል ነው፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንገት ላይ ግን አይደለም። አብሮት የመጣውን ማንጠልጠያ ትቼ በሁለቱ ትከሻ ላይ የሚያርፍ የተሻገረ ማሰሪያ አደረግሁ። ይህን ከስድስት ዓመት በኋላ ሳይሆን ወፍ ማየት በጀመርኩበት ዓመት ባደርገው እንዴት በወደድኩ።

አሮጌውን ሌንስ የጫረው የሸሚዜ ጫፍ ነው፤ አቧራ ያለበትን መስታወት በደረቁ እፈትገው ነበር። አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ። አሁን መጀመሪያ አቧራውን በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ እነፋለሁ፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ አነሳለሁ፣ ጨርቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርቁ ሳያስፈልግ ይቀራል። አንድ ነገር ደግሞ ሕፃናት አብረውኝ ሲሆኑ ሳልናገር አላልፍም፦ በዚህ ዕቃ ፀሐይን ለቅጽበትም ቢሆን ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። ጭልፊት ወደ ፀሐይ ሲያንዣብብ እኔ ራሴ መነጽሩን አወርዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ አብረውኝ ኩሬው ዳር መጡ። የራሳቸውን መነጽር ይዘው ነበር፤ ግን «እስቲ ያንተን» አሉኝ። ጎማውን አስገቡ፣ ማጠፊያውን ዘረጉት፣ ቀለበቱን አዞሩት፤ ሽመላውንም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ሲመልሱልኝ ሁሉም ነገር በእሳቸው ልክ ሆኗል። ጎማውን አወጣሁ፣ አጠፍኩት፣ ቀለበቱን ከዜሮ በስተግራ ሁለት ምልክት መለስኩት። አሥር ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። ሽመላው ገና እዚያው ነበር።