5905 የሚለው ድንጋይ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያንን የፍሪሜሶኖች ግንብ ያውቀዋል። ኪንግ ስትሪት ከባቡር ሲወርዱ ኮረብታው አናት ላይ ቆሞ ይታያል። ታክሲ ስነዳ ለዓመታት አቅጣጫ የምይዝበት እሱን እያየሁ ነበር። ውስጡ ግን ገብቼ አላውቅም። ፍሪሜሶን የራሱ ምልክትና ሥርዓት ያለው የወንድማማቾች ማኅበር ነው፤ እኛ ጋ ግን ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ያማትባል። እናቴም በስልክ ስነግራት "ልጄ፣ ከነሱ ጋር ምን አገናኘህ?" አለችኝ።

አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ ገባሁ። ለካ ለጎብኚ ክፍት ነው። ቁመቱ 333 ጫማ ነው፤ ቅርፁ የተወሰደው ከግብፅዋ እስክንድርያ ጥንታዊ የመብራት ግንብ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1923 ተጣለ፣ በ1932 ተመረቀ (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ገንዘቡን ያዋጡት በመላው አሜሪካ ያሉ አባላት ናቸው። መታሰቢያነቱ ለጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ሰውዬው በ1752 ፍሬድሪክስበርግ ውስጥ ማኅበሩን ተቀላቀለ፤ በ1788 ደግሞ የአሌክሳንድሪያው ሎጅ (የማኅበሩ የአካባቢ ቅርንጫፍ) ሰብሳቢ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የድሮ ሎጆችን ሕንፃ መፈለግ ልማድ ሆነብኝ። ራቅ ያለ ከተማ ሰው ባደረስኩ ቁጥር ዋናውን መንገድ አንድ ጊዜ በእግሬ ሳልዞር አልመለስም። መጀመሪያ የማየው የሱቆቹን በር ነበር። ስህተት ነው። በትንንሽ ከተሞች ሎጁ ምድር ቤቱን ለሱቅ አከራይቶ እሱ ፎቅ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ስለዚህ ቀና ማለት ያስፈልጋል። ስኳድራና ኮምፓስ ተጠላልፈው የተቀረጹበት ምልክት ብዙ ጊዜ ጣሪያው ሥር ነው ያለው።

አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ላይ ምልክቱን አየሁ፤ የተሠራበትን ዘመን ግን አጣሁት። የመሠረት ድንጋዩን በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ማኖር ወጋቸው እንደሆነ አንብቤ ነበር። በጎን ዞርኩ። ሐረግ ሸፍኖታል። ሐረጉን ገለጥ አድርጌ በጣቴ ስዳብሰው "5905" ይላል።

በባሕረ ሐሳብ ልማድ 5500 ቀነስኩ። 405 መጣ። ይሄ ሊሆን አይችልም። ማታ ቤት ገብቼ ሳጣራ፣ እነሱም እንደኛ ዓመተ ዓለም ይቆጥራሉ፤ "የብርሃን ዓመት" ይሉታል። ልዩነቱ፣ እነሱ በፈረንጁ ዓመት ላይ የሚጨምሩት 4000 ነው። ስለዚህ ሕንፃው የ1905 ነው። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘመንን ከፍጥረት ጀምሮ መቁጠር የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ ብዙ ጊዜ በላብኝ። ሎጅ ማለት ሕንፃው ይመስለኝ ነበር። ሎጅ ሰዎቹ ናቸው፤ ቤት ይቀያይራሉ። የዋሽንግተኑ ሎጅ ራሱ ግንቡ ሳይሠራ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ነበር የሚሰበሰበው። መከተል ያለብህ ስሙንና ቁጥሩን ነው። ሕንፃውን ብቻ ከፈለግክ ደግሞ የድሮዎቹ የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎች አሉልህ። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ አስቀምጧቸዋል፤ የትኛው ፎቅ የሜሶኖች አዳራሽ እንደነበር ሳይቀር ይጽፋሉ።

ሦስተኛውን ስናገር አሁንም ይከብደኛል። ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ያገኘሁትን አንድ ሎጅ በግራንድ ሎጁ (ሎጆቹን ሁሉ በሚያስተዳድረው የበላይ አካል) መዝገብ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። "ምናልባት እውነተኛ ሎጅ አይደለም" ብዬ ተውኩት። እውነተኛ ነበር። ነጮቹ አናስገባም ስላሉ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ግራንድ ሎጅ አቁመዋል። የጀመረው በቦስተን ነው፤ ፕሪንስ ሆል የተባለ ሰው በ1775 ከ14 ጓደኞቹ ጋር አባል ሆኖ፣ በ1784 ሎጅ የማቋቋም ፈቃድ ከእንግሊዝ አገኘ። በስሙ የሚጠሩት ሎጆች ዛሬም ቨርጂኒያ ውስጥ አሉ። በአንድ መዝገብ ብቻ አይቼ እነዚያን ሰዎች እንዳልነበሩ ቆጥሬያቸው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ ሰፈር ተመለስኩ። በሩ ላይ አንድ አዛውንት ቆመው ነበር። ሰላም ብያቸው የመሠረት ድንጋዩ የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ ወሰዱኝ።